«ትላለች»፦ የወላጅ አስተርጓሚ የሆነ ልጅ በአራት የስደት ድርሰቶች ውስጥ

ስለ ስደት የተጻፉ ድርሰቶች በክፍል ውስጥ ሲነሡ ውይይቱ ወዲያው ወደ ናፍቆት ያዘነብላል፤ ስለ ተተወው አገር፣ ስለ ጠፋው ማንነት፣ ስለ መመለስና ስላለመመለስ ብዙ ይባላል። ናፍቆት ለኂስ የተመቸ ጭብጥ በመሆኑ ይህ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ በነዚሁ ድርሰቶች ውስጥ እየተደጋገመ የሚመጣ፣ ሃያስያን ግን እንደ መሸጋገሪያ ቆጥረው የሚያልፉት አንድ ትዕይንት አለ። አንድ ሕፃን በመድኃኒት ቤት ባንኮኒ ፊት፣ በሐኪም ክፍል ወይም በስልክ ላይ ሆኖ፣ እንግሊዝኛን በቅጡ በማያውቁ ወላጆቹና ከእንግሊዝኛ በስተቀር በማያውቀው ሰው መካከል ይቆማል። እናት በአንዱ ቋንቋ ትናገራለች፤ ልጅ በሌላው ያደርሳል። በዚህ ጽሑፍ ላሳይ የምሞክረው ይህ ትዕይንት የነዚህ ድርሰቶች አተራረክ የሚወለድበት ስፍራ መሆኑን ነው።

ወደዚህ ጉዳይ የመራኝ የትርጉም ትምህርት ነው። በማስተምረው ኮርስ ውስጥ ተማሪዎች አንድ ገጽ ያህል ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እንዲመልሱ ስሰጥ፣ ቃላቱ ቀላል ናቸው በሚል የመረጥኩት ምንባብ አሜሪካዊቷ ደራሲ ማክሲን ሆንግ ኪንግስተን እ.ኤ.አ. በ1976 ካሳተመችው «ተዋጊዪቱ ሴት» ከተባለው መጽሐፍ የተወሰደ ነበር። ቃላቱ በርግጥም ቀላል ነበሩ። ተማሪዎቹ ግን አንድም ሳይቀሩ አንድ ቦታ ላይ ተደናቀፉ፤ የተደናቀፉበትም ቦታ ልጅቷ የእናቷን ቃል ለመድኃኒት ሻጩ የምታደርስበት ዐረፍተ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ተመሳሳይ ትዕይንት ያላቸውን ሌሎች ሥራዎች ፈልጌ ጨመርኩ፤ የኤሚ ታንን «የእናት ቋንቋ» (1990)፣ የዲናው መንግሥቱን «አየርን የማንበብ ዘዴ» (2010)፣ የኦሽን ቩንግን «በምድር ላይ ለጥቂት ጊዜ ውብ ነን» (2019)። ርእሶቹን ወደ አማርኛ የመለስኳቸው እኔ ነኝ፤ ዓመታቱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ ስለ ቻይናና ስለ ቪየትናም ስደተኞች የሚተርኩ ናቸው። የእኛ ላድርጋቸው አልልም፤ አማርኛ የሚገባበት ምክንያት ካለ በትርጉም በኩል ብቻ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስያሜ ጥቂት ልበል። የሥነ ልቡናና የትምህርት ተመራማሪዎች ይህን ሕፃን በእንግሊዝኛ የሚጠሩበት ቃል ወደ አማርኛ ቢመለስ «የቋንቋ ደላላ» የሚል ይሆናል። አስተርጓሚ ያላሉት ልጁ ቃል ከማድረስ አልፎ ጉዳይ ስለሚያስፈጽም፣ ስለሚያግባባና ስለሚወስን ነው። የእኛው «ደላላ» ግን ከዚህም አልፎ ይሄዳል፤ ደለለ ማለት አባበለ፣ አታለለም ማለት ነውና። ለሕፃን የማይገባ ስድብ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ድርሰቶቹን ደጋግሜ ካነበብኩ በኋላ ከእንግሊዝኛው ይልቅ የአማርኛው ቃል ወደ እውነቱ የቀረበ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

በኪንግስተን መጽሐፍ የመጨረሻው ምዕራፍ ውስጥ ነገሩ እንዲህ ነው። በካሊፎርኒያ ስቶክተን ከተማ የልብስ ንጽሕና ቤት ወደሚያስተዳድሩ የቻይና ቤተሰብ የመድኃኒት ቤት መልእክተኛ የሌላ ሰው መድኃኒት በስሕተት ያደርሳል። እናት ይህን እንደ ክፉ ምልኪ ትቆጥረዋለች፤ በሽታ ሳይኖር መድኃኒት መላክ በሽታን መጥራት ነው። ስለዚህ ታላቂቱን ልጇን ሄደሽ ካሣ ጠይቂ፣ ርግማኑን በጣፋጭ ያርክሱልን ብላ ትልካለች። ልጅቷ በባንኮኒው ፊት ቆማ የእናቷ ቁጣ በእንግሊዝኛ ልመና ሆኖ እንደሚወጣ ይገባታል። እንደምንም እናቴ ከረሜላ ስጡን ትላለች ብላ ታደርሳለች፤ ቻይናውያን እንዲህ ነው የሚያደርጉት የሚል ማብራሪያም ትጨምራለች። ሻጩ ይሰጣል። ከዚያ ወዲህም በየበዓሉ የተረፈውን ከረሜላ ይሰጧቸዋል። እናት ትምህርት ሰጠኋቸው ብላ ትደሰታለች፤ ልጆቹ ግን ሰዎቹ እንደ ለማኝ አይተዋቸው እንደሚሰጧቸው ያውቃሉ።

ይህን ክፍል ብዙ ሰው የሚያነበው እንደ ኀፍረት ታሪክ ነው። ኀፍረቱ አለ፤ ግን ሁለት እውቀቶች መለያየታቸው ይበልጥ ይከብዳል። እናት የምታምነው አንድ ታሪክ አለ፤ መድኃኒት ሻጮቹ የሚያምኑት ሌላ ታሪክ አለ፤ ሁለቱንም የምታውቅ በዓለም ላይ አንዲት ልጅ ብቻ ናት። ሁለቱን ታሪኮች ማንም እንዳያገናኛቸው አድርጋ የያዘችውም እርሷ ናት። ተራኪ የምንለው ይህንኑ አይደለምን? ገጸ ባሕርያቱ የማያውቁትን የሚያውቅ፣ ለማን ምን እንደሚነገር የሚወስን። ኪንግስተን በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የእናቷን ተረት እየቀጠለች፣ እየቀነሰችና እያዛባች መናገሯን ራሷ ትገልጻለች፤ ሙያውን የጀመረችው ግን በመድኃኒት ቤቱ ባንኮኒ ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

አሁን ተማሪዎቹ ወደተደናቀፉበት ልመለስ። እንግሊዝኛ የሌላን ሰው ንግግር ሲያደርስ መደቡን ይለውጣል፤ የእናት «እኔ» በልጅ አፍ «እሷ» ይሆናል። አማርኛ ይህን አያደርግም። «አሞኛል ትላለች» ስንል የታመመችው እናት ናት፤ በ«አሞኛል» ውስጥ ያለችው «-ኝ» የእናት እንጂ የተናጋሪው አይደለችም። የሰዋስው መጻሕፍት ስለ ቀጥተኛና ስለ ኢቀጥተኛ ንግግር ብዙ ይላሉ፤ አማርኛ በዕለት ንግግሩ ቀጥተኛውን እንደሚመርጥ ግን ማንም ጆሮውን ጥሎ ቢያዳምጥ ይደርስበታል። «አልሄድም አለ»፣ «ልምጣ ብላ»፣ «ስጡን ትላለች»፤ በነዚህ ሁሉ ውስጥ የሌላው ሰው «እኔ» ሳይነካ ይመጣል፤ የማን እንደሆነም የምናውቀው ዐረፍተ ነገሩ ሲያልቅ ነው። እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ አድማጭ የሚሰማው እናትን ነው፤ ልጅቷ የምትታየው «ትላለች» ስትል ብቻ ነው።

ስለዚህ ተማሪዎቼ የልጅቷን ዐረፍተ ነገር ወደ አማርኛ ሲመልሱ እንግሊዝኛው ያቆመው ግድግዳ ይፈርስባቸዋል። በእንግሊዝኛው ልጅቷ ከእናቷ ራቅ ብላ፣ እኔ አይደለሁም የጠየቅሁት፣ እሷ ናት እያለች ትናገራለች፤ መደቡ ራሱ ይሸሽጋታል። በአማርኛው መሸሸጊያዋ አንዲት የመጨረሻ ግስ ብቻ ናት። ከተማሪዎቹ አንዱ ይህን ለማካካስ «እናቴ ናት እኮ፣ ከረሜላ ስጡን የምትለው» ብሎ ቅደም ተከተሉን ገለበጠው። ሌላዋ «ትላለች»ን «ይላሉ» አደረገችው፤ እናት ናቸውና ይከበሩ በሚል። ይህን ጊዜ ክፍሉ ሁሉ ተነሣባት፤ ሕፃን ልጅ እናቷን «ይላሉ» ትላለች ወይ? ከገጠር የመጣ ተማሪ በእኛ ቤት ይባላል አለ። ሰዓቱ በዚሁ አለቀ፤ ካስተማርኳቸው ሰዓታት ሁሉ የማልጸጸትበት ነው።

የኤሚ ታን ጽሑፍ ከልብ ወለድ ይልቅ ወግ ነው። ርእሱ በእንግሊዝኛ ሁለት ትርጉም አለው፤ የአፍ መፍቻ ቋንቋም፣ እናቴ የምትናገረው ቋንቋም። አማርኛው «አፍ መፍቻ» ስለሚል እናት ከውስጡ ትወጣለች፤ «የእናት ቋንቋ» ብዬ የመለስኩትም እናትን ላለማስወጣት ነው። ታን የምታነሣው ትዝታ የኪንግስተን ተቃራኒ ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሳለች እናቷ ወደ ኒው ዮርክ የአክሲዮን ደላላ ደውላ ሚስስ ታን ነኝ ብላ እንድትናገር ታደርጋታለች። ልጅቷ በጠራ እንግሊዝኛ ቼኩ እንዳልደረሳት፣ ጉዳዩም እንዳሳሰባት ትገልጻለች፤ እናት ከኋላዋ ሆና በንዴት ታንሾካሹካለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሁለቱም ኒው ዮርክ ይሄዳሉ። ልጅቷ ፊቷ ቀልቶ ዝም ብላ ተቀምጣ፣ እውነተኛዋ ሚስስ ታን በራሷ እንግሊዝኛ በአለቃው ላይ ትጮኻለች።

ይህ ትዕይንት አስቂኝ ተደርጎ ነው የሚነበበው፤ ታንም እንዲያስቅ አድርጋ ነው የጻፈችው። ግን ልብ ብለን እንየው። በስልኩ ላይ ልጅቷ «ትላለች»ን ጥላዋለች። የእናቷን «እኔ» ወስዳ ለብሳዋለች። በአማርኛ ቢሆን በኪንግስተንና በታን መካከል ያለው ርቀት አንዲት ግስ ናት ማለት ነው። ይህች ግስ ስትወድቅ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል፤ እናት ትሰማለች፣ እናት ትጠፋለች። ደላላው ጆሮ የሰጠው ለሌለች ሴት ነው። ቢሮው ውስጥ የሆነውም የሚያስደነግጠው ለዚህ ነው፤ ያች የሌለች ሴት እውነተኛ ሆና ብቅ አለች፣ ድምፅዋም ሌላ ሆነ።

ወደ አማርኛ ስንመልሰው ደግሞ እንግሊዝኛው የማያሳየው አንድ ሌላ ልዩነት ይገለጣል። እናት ከኋላ ሆና ስለ ደላላው ስትናገር ምን ትለዋለች? «ንገሪው» ነው የምትለው፤ ተናዳለች። ልጅቷ ግን በስልክ «እርስዎ» ማለት አለባት። ይኸው ሰው በአንዲት ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ለእናት «እሱ»፣ ለልጅ «እርስዎ» ነው። የልጅቷ ድለላ ይህ ነው፤ ቃሉን ከማቅናት ይልቅ ሰውየውን ከፍ አድርጋ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ቁጣ የነበረው ነገር ቅሬታ ይሆናል። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ይህን በቃላት ምርጫ ሊያሳይ ይሞክራል፤ አማርኛው በተውላጠ ስም ብቻ ያሳየዋል።

የክብር ነገር ከተነሣ አባትን የሚመለከት አንድ ሐሳብ ላክል፤ ከአራቱ ድርሰቶች በአንዱም የለም፤ ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪ በሆነ ቤት ውስጥ የማይቀር ነው። ሐኪም ለአባት ተቀመጥ ሲል ልጅ እንዴት አድርጎ ያደርሰዋል? አባቱን ማዘዝ አይችልም። አማርኛ ግን መውጫ ቀዳዳ ትቶለታል። «ይቀመጡ» የሚለው ቃል ለ«እርስዎ» ትእዛዝ ነው፤ ለ«እሳቸው» ደግሞ ሌላ ሰው ያስተላለፈው ፈቃድ ነው። ቅርጹ አንድ ነው። ልጁ «ይቀመጡ» ሲል እኔ ላክብርዎት ይሁን፣ ሐኪሙ ይቀመጡ ብሏል ይሁን አይለይም፤ አባትም አይጠይቅም። አክብሮት ከሦስተኛ መደብ መበደሩን በሰዋስው ክፍለ ጊዜ እናስተምራለን፤ ምን ያህል የሰው ችግር እንደሚያቃልል ግን የሚያስተምረን የስደተኛ ቤት ነው።

ታን የምታነሣው ሁለተኛ ትዝታ ሳቅ የለበትም። እናቷ በአንጎል ውስጥ ስለ ተገኘባት፣ ነቀርሳ ስላልሆነ ዕጢ የተነሣውን ምስል ውጤት ለመስማት ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች። ምስሉ ጠፍቷል ይሏታል፤ ባሏና ወንድ ልጇ ሁለቱም በአንጎል ዕጢ መሞታቸውን ብትነግራቸውም የሚሰማት አታገኝም። ሐኪሙ ለልጇ እስኪደውል አልሄድም ትላለች። ልጅቷ በጠራው እንግሊዝኛዋ ስትናገር ይቅርታው ይመጣል፣ ቀጠሮው ይመጣል። እዚህ ላይ የልጅ አስተርጓሚነት ጉዳይ ከሥነ ጽሑፍ ወጥቶ ወደ ሕግ ይገባል። በአሜሪካ የዋሽንግተን ዲሲ አስተዳደር በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት አማርኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆነ፤ በ2016 የወጣው የፌዴራል የጤና ደንብ ደግሞ ከአስቸኳይ አደጋ በስተቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን በአስተርጓሚነት መጠቀምን ከለከለ። ሕጉ መልካም ነው። የሚሽረው ግን የሐኪሙን ክፍል እንጂ ወደ ቤት የሚላከውን ደብዳቤ አይደለም፤ የፖስታ ሣጥኑን ሁልጊዜም የሚከፍተው ልጅ ነው።

ደብዳቤ ካልኩ ዘንድ፣ ይህ ነገር ለእኔ ከመጽሐፍ ብቻ የመጣ እንዳልሆነ መናገር ይኖርብኛል። በልጅነቴ በሰፈራችን ማንበብ ለማይችሉ ሰዎች ደብዳቤ አነብ ነበር። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ቢጀመርም ፊደል የቆጠረ ሁሉ የእጅ ጽሕፈት ማንበብ አይችልም ነበርና ትልልቆቹ እኛን ተማሪዎቹን ይጠሩን ነበር። አንዲት ጎረቤታችን ልጃቸው ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን ሄዶባቸዋል። ዐሥራ አንድ ዓመቴ ሳለ አንድ ደብዳቤ አመጡልኝ። እንደ ወጉ በጤና ጥየቃ ይጀምራል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ ይላል፤ የእያንዳንዱን ጎረቤት ስም እየጠራ ሰላም ይላል። ከታች፣ ከፊርማው በኋላ፣ በትንሹ የተጻፉ ሦስት መስመሮች ነበሩ። የተጻፉት ለእናቱ አልነበረም። ለአንባቢው ነበር። ይህን ደብዳቤ የምታነብ ወንድሜ ሆይ፣ እግሬን ቆስዬ ሆስፒታል ነኝ፣ ለእናቴ እንዳታነብላት ለአባቴ ግን ንገርልኝ የሚል ነበር።

ድምፄ እንዳይለወጥ አድርጌ ፊርማው ላይ አቆምኩ። «ሌላስ ምን ይላል?» አሉኝ። «ይኸው ነው» አልኳቸው። ፊደል አያውቁም፤ ዓይን ግን አላቸው። ጣታቸውን ከታች ባሉት መስመሮች ላይ አድርገው «ይህችስ?» አሉ። «ሰላምታ ናት» አልኩ። ደብዳቤውን አጥፈው ወሰዱት። ለአባትየው በማግስቱ ነገርኳቸው። ልጃቸው ከዓመት በኋላ እያነከሰ መጣ፤ እናትየው ግን ከዚያች ቀን ወዲህ ደብዳቤ አላስነበቡኝም፤ ሌላ ልጅ ይጠሩ ነበር።

የኦሽን ቩንግን ልብ ወለድ ያነበብኩት በዚህ ትዝታ ውስጥ ሆኜ ነው፤ ፍርዴም በዚያው ልክ ቢታይልኝ። መጽሐፉ በሙሉ ልጅ ለእናቱ የሚጽፈው ደብዳቤ ነው፤ እናት ግን ማንበብ አትችልም። ልጁ ይህን ስለሚያውቅ በፊቷ ሊናገር የማይደፍረውን ሁሉ ይጽፋል። ከፊርማው በታች ያለው ሦስት መስመር አንድ መጽሐፍ ሆነ ማለት ነው፤ ለእናት የተላከ፣ ለአንባቢ የተጻፈ። በዚህ በኩል የቩንግ ሐሳብ ከአራቱ ሁሉ የጠለቀ ነው። በመጽሐፉ መጀመሪያ አካባቢ ያለው የሥጋ ቤት ትዕይንት ግን በእኔ ግምት ከተደነቀው ያነሰ ነው። በሃርትፎርድ ከተማ አንድ መደብር ውስጥ እናት የበሬ ጭራ ለመግዛት ፈልጋ ስሙን በእንግሊዝኛ አታውቀውም፤ ከኋላዋ እንደ ጭራ ታወዛውዛለች፣ እንደ ከብት ትጮኻለች፤ ሻጮቹ ይሥቃሉ። ልጁም ቃሉን አያውቀውም። በመጨረሻ የበሬውን ጭራ ትተው ዳቦና ማዮኔዝ ይዘው ይወጣሉ። ትዕይንቱ ራሱ እንዲህ ሲሆን የሚያስለቅስ ነው። ደራሲው ግን ከዚህ በኋላ ልጁ ዳግመኛ ቃል አያጥረኝም ብሎ ቃል ኪዳን እንዲገባ ያደርገዋል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ የቤተሰቡ አስተርጓሚ ሆንኩ ያሰኘዋል። ኪንግስተን እንዲህ ያለ ቃል ኪዳን የላትም፤ ልጅቷ እንዲሁ ትላካለች፣ ትሄዳለች። ሕፃናት ወደዚህ ሥራ የሚገቡት ወስነው አይመስለኝም፤ አንድ ቀን ውኃ ሲቀዱ እንደሚገኙት ሁሉ ሲያስተረጉሙ ይገኛሉ።

ከዚህ ይልቅ በዚያ ትዕይንት ውስጥ ልብ የሚነካው እናቲቱ በልጅነቷ የሰማችውን ፈረንሳይኛ መሞከሯ ነው። የቅኝ ገዢ ቋንቋ ነበር፤ ከድሮ የተቀመጠ ገንዘብ ይመስል አውጥታ ታቀርባለች፤ በዚያ ገበያ ግን አይመነዘርም። ስለዚህ ነገር ደራሲው ብዙ አያትትም፤ መልካም አድርጓል።

በእስራኤል ለሚኖሩት ቤተ እስራኤል ይህ ሁኔታ እንግዳ አይደለም። በ1984 እና 85 በዘመቻ ሙሴ፣ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን የገቡት ቤተሰቦች ልጆች ዕብራይስጥን ከወላጆቻቸው ቀድመው በትምህርት ቤት ለመዱ። ይሁን እንጂ ስለዚህ ማኅበረሰብ ከተሠሩት ፊልሞች በሰፊው የታየው የራዱ ሚሃይሊያኑ ሥራ (2005) ነገሩን ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ በሱዳን መጠለያ ቀርታ ለተለየችው እናቱ ሕፃኑ በአማርኛ ሊጽፍ ሲፈልግ የሚጽፉለት ቄስ ናቸው። እዚያ አፍ የሚሆነው ትልቅ ሰው፣ የሚናገረው ሕፃን ነው። ለብቻው ጥናት የሚገባው ስለሆነ እዚህ አልፈዋለሁ።

ዲናው መንግሥቱ ዘንድ ስንደርስ በጥሬው ትርጉም አስተርጓሚ ልጅ የለም፤ ይህን አስቀድሜ ልመን። «አየርን የማንበብ ዘዴ» ውስጥ ተራኪው ዮናስ ወልደማርያም ከኢትዮጵያ ከተሰደዱ ወላጆች በአሜሪካ የተወለደ ሲሆን፣ በኒው ዮርክ የጥገኝነት ጠያቂዎችን በሚረዳ ድርጅት ይቀጠራል። ሥራው ስደተኞቹ ስለ ራሳቸው የሰጡትን ቃል አስተካክሎ መጻፍ ነው። ማስተካከል ማለት ግን መጨመር ሆኖ ይገኛል፤ ቀዝቃዛውን ታሪክ ያሞቀዋል፣ ያልደረሰውን መከራ ያክልበታል፤ ዳኛ እንዲሰማው። ቆይቶ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ሲያስተምር አባቱ በሱዳን በኩል በመርከብ ተሸሽጎ እንዴት እንዳመለጠ ለተማሪዎቹ ቀን ከቀን ይተርካል፤ ብዙውን እየፈጠረ። ከዚህ ጎን ለጎን ወላጆቹ ዮሴፍና ማርያም ከመወለዱ በፊት ከፒዮሪያ ወደ ናሽቪል በመኪና ያደረጉትን ጉዞ ይነግረናል፤ ያላየውን፣ ያልሰማውን።

እኔ ዮናስን የማነበው አስተርጓሚው ሕፃን ካደገ በኋላ ሆኖ ነው። ኪንግስተን «ትላለች»ን ይዛዋለች፤ ታን ጥላዋለች፤ ቩንግ አድማጩን ለውጦታል። ዮናስ ዘንድ ደግሞ ያ ቃል ብቻውን ቀርቷል፤ «ይላል» አለ፣ የተባለው ግን የለም። አባቱ ስለ ራሱ ብዙ አልነገረውም፤ በቤቱ ውስጥ ያለው ዝምታና ዱላ ነው። ልጁ ሊያደርሰው የሚችለው ቃል ስላጣ ቃሉን ራሱ ሠራ። ከአራቱ ድርሰቶች ይህን የማስበልጠውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ዲናው ለዚህ ውሸት ይቅርታ አይጠይቅም፣ አያሞግሰውምም። የታን ወግ እናቲቱ መጽሐፉን አንብባ ቀላል ነው ብላ ስትፈርድለት ያበቃል፤ ደስ የሚል አጨራረስ ነው፣ ግን ሒሳቡን ቶሎ ይዘጋዋል። የዮናስ አባት ሊፈርድለት አይችልም። ጥገኝነት የጠየቁት ሰዎችም የራሳቸውን ታሪክ በፋይሉ ውስጥ ቢያነቡት ላያውቁት ይችላሉ፤ እኔ ያቺን ሴት ደብዳቤ ይዘው ሲሄዱ ያየሁት ሰውዬ ይህን ክፍል በቀላሉ ማለፍ አልቻልኩም።

በትምህርት ክፍላችን ውስጥ የዲናውን ሥራዎች በአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ኮርስ ማስገባት አይገባም የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው ይላሉ። በሥርዓተ ትምህርት አከፋፈል ልክ ናቸው። ሆኖም እኔ ካነበብኳቸው በአማርኛ የተጻፉ የውጭ አገር ኑሮ ድርሰቶች መካከል ብዙዎቹ የተተረኩት በወላጅ ወገን ሆነው ነው፤ ልጁ አማርኛ የሚኮላተፍ፣ እንጀራ የሚጠላ፣ የሚያስቅ ወይም የሚያሳዝን ሰው ሆኖ ጠርዝ ላይ ይቆማል። ወላጆቹን ወክሎ በስልክ የተናገረው እሱ መሆኑን፣ የወላጆቹን ጉዳይ ከወላጆቹ አስቀድሞ ያወቀው እሱ መሆኑን የሚያነሣ ጥቂት ነው። ያንን ወገን ከፈለግን፣ ለጊዜው የምናገኘው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስለዚህም መተርጎም አለብን።

እኔ የዲናውን መጽሐፍ የመኪና ጉዞ ክፍል ለክፍል ውስጥ ልምምድ ወደ አማርኛ መመለስ ጀምሬአለሁ። እንግሊዝኛው ያልጠየቀኝን አማርኛው በመጀመሪያው ገጽ ጠየቀኝ። ሁለቱ ከሦስት ዓመት መለያየት በኋላ የተገናኙ ባልና ሚስት ናቸው፤ ባዳ ሆነው ተገናኝተዋል። ማርያም ዮሴፍን ምን ትለዋለች፣ «አንተ» ወይስ «እርስዎ»? በእንግሊዝኛው ሁሉም አንድ ነው። ዮናስ፣ አማርኛቸውን ያልሰማው ልጅ፣ ይህን መምረጥ አላስፈለገውም፤ እኔ መምረጥ አለብኝ። በአንደኛው ረቂቅ በ«እርስዎ» አስጀምሬአት መንገድ ላይ ወደ «አንተ» እንድትሻገር አድርጌአለሁ። ተማሪዎቼ ግን መሻገሪያውን መኪናው ከመቆሙ በፊት ይሁን በኋላ ይሁን እስካሁን አልተስማሙልኝም።